የቼዝ ፕሮግራም «ተሳሳተ» ሲባል፦ ከወሎ ተጫዋቾች ሰሌዳ

የቼዝ ፕሮግራም የጠጠሮቹን አቀማመጥ እየመረመረ የሚሻለውን እርምጃ ይመርጣል። በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ ቼዝን ከስልካቸው ጋር እየተጋጠሙ የሚማሩ ወጣቶች አሉ። ማሽኑ ያልጠበቁትን ሲያደርግ «ተበላሽቷል»፣ ሲብስም «አጭበረበረኝ» ይላሉ። አብዛኛው ክስ ግን ሲመረመር ወይ የጨዋታው ሕግ ነው፣ ወይ የስሌቱ ጠባይ።

ከሕጎቹ ብዙ ሰው የሚያደናግረው አንፓሳ ነው። ወታደር ከመነሻው ሁለት ቤት ተራምዶ ከባላጋራው ወታደር ጎን ቢያርፍ፣ ባላጋራው አንድ ቤት ብቻ እንደሄደ ቆጥሮ ሊበላው ይችላል፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ወዲያው በሚቀጥለው ተራ ብቻ ነው። ሕጉን የማያውቅ ተጫዋች የሚታየው የስልኩ ወታደር ባዶ ቤት ላይ ሲያርፍና የእርሱ ወታደር ከጎን ሲጠፋ ነው። ቢናደድ አይፈረድበትም። ንጉሥ ሳይጠቃ ባለተራው የሚፈቀድ እርምጃ ሁሉ አጥቶ ጨዋታው በአቻ ሲያበቃም እንዲሁ ይከፋል፤ ንግሥትና ሁለት ግንብ ይዞ ሲያሸንፍ ለነበረ ሰው መራራ ነው፣ ግን ሕግ ነው።

የስሌቱ ጠባይ ሌላ ነው። ፕሮግራም የሚያየው እስከ ተወሰነ ጥልቀት፣ ማለትም የተወሰኑ እርምጃዎችን ወደፊት ብቻ ነው። የሚመጣበትን ኪሳራ ማስቀረት ሳይችል፣ ወታደር በከንቱ እየሰጠ ከእይታው ውጭ ይገፋዋል፤ በሚያየው ርቀት ውስጥ አደጋው የተወገደ ይመስለዋል። የኮምፒውተር ቼዝ ተመራማሪው ሃንስ በርሊነር እ.ኤ.አ. በ1973 ይህን የአድማስ ችግር ብሎ ገለጸው። መብላትና መበላላት በጋለበት ቦታ የእርምጃ ፍለጋው እንዳይቋረጥ በማድረግ ችግሩ ቢቀልም ፈጽሞ አልጠፋም።

ፕሮግራሙ ለአቀማመጥ የሚሰጠው ግምገማም ሊያታልል ይችላል። ነጭ ንጉሥ፣ በነጭ ቤቶች በሰያፍ የሚሄድ ቢሾፕና በኤች መስመር (በሰሌዳው ጠርዝ) ላይ አንድ ወታደር ይኑረው፤ ጥቁር ንጉሥ ደግሞ ብቻውን ወታደሩ ንግሥት ሊሆን በሚደርስበት ኤች8 ጥግ ላይ ይቀመጥ። ጥጉ ጥቁር ቤት ስለሆነ ቢሾፑ ሊያጠቃው አይችልም፤ ንጉሡም ከዚያ ካልወጣ ጨዋታው አቻ ነው። ጠጠር ብቻ የሚቆጥር የቆየ ፕሮግራም ግን ቢሾፑን ሦስት፣ ወታደሩን አንድ ቆጥሮ ነጭ በአራት ነጥብ ይመራል ይላል። እስከ ሰባት ጠጠር ያሉ አቀማመጦች አስቀድመው ተሰልተው ስላለቁ፣ ያንን መዝገብ የሚያነብ ፕሮግራም በዚህ አይሳሳትም። ጠጠር በበዛበት የተዘጋ ምሽግ (ሊሰበር በማይችል መከላከያ) ላይ ግን ዛሬም ያለ አግባብ ድል ተስፋ የሚያደርጉ ፕሮግራሞች አሉ።

አንዱ አቀማመጥ ሁለት ጊዜ ቢሰጠው ሁለት የተለያየ እርምጃ መምረጡም ብልሽት አይደለም። ፍለጋው በበርካታ ፕሮሰሰሮች ላይ ሲካሄድ የትኛው ክር (ጎን ለጎን የሚሄድ ስሌት) ቀድሞ እንደሚጨርስ ስለሚለያይ ውጤቱ ይለያያል፤ ቀድሞ በማስታወሻው ያስቀመጠው ስሌትም ምርጫውን ይነካል።

እውነተኛ ስህተትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ኒው ዮርክ ውስጥ በዓለም ሻምፒዮኑ በካስፓሮቭና በአይቢኤም የቼዝ ኮምፒውተር በዲፕ ብሉ መካከል በተደረገው ግጥሚያ የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ማሽኑ በ44ኛው እርምጃ ግንቡን ያለ ምክንያት አንቀሳቀሰ። ከሠሪዎቹ አንዱ የሆነው መሬይ ካምቤል ነገሩ የፕሮግራም ስህተት እንደነበር በኋላ ተናግሯል። ጨዋታውን ያሸነፈው ካስፓሮቭ ቢሆንም ግጥሚያውን 3½ ለ2½ ተሸነፈ።

ጥንታዊው የሀገራችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ለፕሮግራም ሠሪ የተለየ ፈተና ይዟል። ወረራ በሚባለው የጨዋታው መክፈቻ ሁለቱም ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ ይንቀሳቀሳሉ፤ የቼዝ ፍለጋ ስሌት ግን የቆመው በተራ ላይ ነው። መደቁም (ወታደሩ) ከመነሻው አንድ ቤት ብቻ ስለሚራመድ አንፓሳ የለም። የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ቢነሡበት ደስ የሚለኝ ሥራ ነው፤ ወረራውን በአጭር የጊዜ ክፍልፋይ ከፍሎ በእያንዳንዱ የሁለቱን ወገን እርምጃ በአንድነት ማስላት አንዱ መነሻ ሊሆን ይችላል።