በኤክስሬይ የጠፈር ቴሌስኮፕ የምልከታ ጊዜ ስለመጠየቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ቻንድራ እና ኤክስኤምኤም-ኒውተን የተባሉት ሁለት ታላላቅ የኤክስሬይ ቴሌስኮፖች ወደ ጠፈር የመጠቁት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በእነርሱ ለመጠቀም የሚፈልግ ተመራማሪ ምን ማሟላት እንዳለበት በየዓመቱ በሚወጣው የማመልከቻ ጥሪ ላይ በዝርዝር ይጻፋል። ይህ ሁሉ ዘመን አልፎም የሌሎችን የማመልከቻ ረቂቅ ሳነብና ስገመግም የሚያጋጥመኝ የተሳሳተ እምነት ያው የጥንቱ ነው። ቀላል ቀላሉን በአጭሩ አልፌ ትዕግሥቴን በሚፈታተነው ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

“የቴሌስኮፑ ባለቤት አገር ዜጋ ያልሆነ ሰው ማመልከት አይችልም” ይባላል። ይችላል። ቻንድራ የናሳ፣ ኤክስኤምኤም-ኒውተን ደግሞ የአውሮፓ ጠፈር ድርጅት ንብረት ቢሆኑም ጥሪያቸው ለመላው ዓለም ተመራማሪዎች ክፍት ነው። የአገር ጉዳይ የሚነሳው በምርምር ድጎማው ላይ ነው፤ የናሳ ገንዘብ በአሜሪካ ተቋማት ለሚሠሩ ብቻ ይሰጣል።

“የምልከታ ጊዜ በገንዘብ ይገዛል” የሚሉም አሉ። አይገዛም፤ የሚገኘው በውድድር ነው።

“ስመ ጥር ፕሮፌሰር ያልፈረመበት ማመልከቻ አያልፍም” የሚለው አባባል ምናልባት አንድ ወቅት ላይ እውነትነት ነበረው። ሆኖም የሀብል ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2018 የአመልካቹም የገምጋሚውም ማንነት እርስ በርስ የሚሰወርበትን አሠራር ጀመረ፤ ቻንድራም በኋላ ይህንኑ ተከተለ። በዚህ አሠራር “ቀደም ሲል ባሳተምነው ጥናት እንዳሳየነው” ብሎ መጻፍ ራስን መግለጥ ስለሆነ የራስን ሥራ እንደማንኛውም ሰው ሥራ አድርጎ መጥቀስ ያስፈልጋል።

አሁን ወደሚያሰለቸኝ ልምጣ። “ገምጋሚዎቹ መቁረጣቸው ስለማይቀር ከሚያስፈልገው በላይ መጠየቅ ይሻላል” የሚለው ምክር ከአንዱ ተመራማሪ ወደ ሌላው እንደ ውርስ ሲተላለፍ ይኖራል። 50 ኪሎ ሰከንድ (50,000 ሰከንድ) የሚበቃው ሰው 100 ብሎ ይጽፋል፤ በገበያ ዋጋ እንደሚከራከር ሰው መሀል ላይ እንደሚስማሙለት ተስፋ ያደርጋል። 100 ኪሎ ሰከንድ 28 ሰዓት ገደማ መሆኑን፣ በየዓመቱ የሚጠየቀው ጊዜም ካለው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ የሚያስታውስ አይመስልም።

የስሕተቱ ሥር የመሣሪያውን አሠራር አለመረዳት ነው። የኤክስሬይ ዲቴክተር እንደ ካሜራ ፎቶ አንስቶ አያስቀምጥም፤ የሚደርሱትን ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) አንድ በአንድ እየቆጠረ የእያንዳንዱን ቦታ፣ የደረሰበትን ሰዓትና ኃይሉን ይመዘግባል። ስለዚህ አመልካች በእርግጥ የሚጠይቀው ፎቶን ነው፤ ሰከንዱ ፎቶን የሚሰበሰብበት መንገድ ብቻ ነው። በየ100 ሰከንዱ አንድ ፎቶን የምትልክ ጋላክሲ አለች እንበል። በ20 ኪሎ ሰከንድ ውስጥ 200 ፎቶን ይገኛል፤ የቆጠራው ስሕተት የ200 ካሬ ሥር፣ ማለትም ወደ 14 ስለሚሆን መለኪያው በ7 በመቶ ያህል ይዋዥቃል። ይህን ስሕተት በግማሽ ለመቀነስ ጊዜውን በአራት ማባዛት፣ ማለትም 80 ኪሎ ሰከንድ መጠየቅ ግድ ነው። እንግዲህ ጥያቄው “በዚያ ቦታ የኤክስሬይ ምንጭ አለ ወይስ የለም?” ከሆነ፣ የቻንድራ ምስል ጥርት ያለና ከጀርባ የሚመጣው ጨረር እጅግ ጥቂት ስለሆነ 10 ፎቶን፣ ማለትም 1 ኪሎ ሰከንድ ሊበቃ ይችላል። ጥያቄው “ብርሃኗ ካለፈው ምልከታ ወዲህ በግማሽ ቀንሷል ወይ?” ከሆነ 200 ፎቶን ከበቂ በላይ ነው። ጥያቄው “በ6.4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የፎቶን ኃይል መለኪያ) ላይ ደካማ የብረት መስመር (የብረት አተሞች የሚተዉት ምልክት) ይታያል ወይ?” ከሆነ ግን ከ200ው ፎቶን በመስመሩ አካባቢ የሚወድቀው በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ጊዜውን እጥፍ ማድረግም አያድንም። ምንጯ አንዲት ሆና ሳለ የሚያስፈልገው ጊዜ በጥያቄው ብቻ ይህን ያህል ይለያያል። “ጥራት ያለው ስፔክትረም (ፎቶኖቹ በየኃይላቸው ተለይተው የሚታዩበት ሥርጭት) ለማግኘት 100 ኪሎ ሰከንድ እንጠይቃለን” የሚል ዓረፍተ ነገር ለገምጋሚው ምንም አይነግረውም።

በተገኘሁበት አንድ የግምገማ ስብሰባ ላይ የሳይንስ ሐሳቡ ሁላችንም የወደድነው ማመልከቻ ቀርቦ ነበር። ከመካከላችን አንዱ እዚያው ኮምፒውተሩን ከፍቶ የፎቶን ቁጥሩን ፒምስ በተባለው የማስሊያ ፕሮግራም ሲያሰላው የተጠየቀው ጊዜ ከሚያስፈልገው እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ማንም “ቆርጠን እንስጠው” አላለም፤ ይልቁንም ይህን በጥንቃቄ ያላሰላ ሰው ሌላውን ነገር እንዴት አስልቶት ይሆን የሚል ጥርጣሬ ገባ፣ ማመልከቻውም ወደ ታች ወረደ። ትሑት ለመምሰል አሳንሶ መጠየቅም የዚህ መንትያ ስሕተት ነው፤ መልስ የማይሰጥ ምልከታ አጭር ስለሆነ ብቻ ብክነት መሆኑ አይቀርም።

መደረግ ያለበት ግልጽ ነው። በፒምስ ከፍሉክስ (ከምንጩ ከሚደርሰን የጨረር መጠን) ተነስቶ የሚጠበቀውን የፎቶን ቁጥር ማስላት፣ ሲሰላም ከ1 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በታች ያሉትን ፎቶኖች የሚውጠውን የራሳችንን ጋላክሲ ጋዝ አለመዘንጋት ነው። ቀጥሎ ኤክስስፔክ በተባለው የስፔክትረም መተንተኛ ፕሮግራም ሰው ሠራሽ ስፔክትረም እየፈጠሩ ደጋግሞ መተንተንና መልሱ ከስንቱ ሙከራ በስንቱ እንደሚገኝ መጻፍ ይገባል። የካሊብሬሽን ፋይሎቹ (የመሣሪያውን ብቃት የሚገልጹት) ደግሞ የዘመኑ መሆን አለባቸው። የቻንድራ ኤሲስ ካሜራ በማጣሪያው ላይ በተጠራቀመ ቆሻሻ ምክንያት ለዝቅተኛ ኃይል ፎቶኖች ያለው ስሜት ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጅግ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2023 በመጠቀው ክሪዝም በተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ላይ ያለው ሪዞልቭ የተሰኘ መሣሪያም መዝጊያው አልከፈት ስላለ ከ1.7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በታች የሚደርሰው ፎቶን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። መዝጊያው እንደተከፈተ ቆጥሮ የሠራ አመልካች ፈጽሞ የማይደርሱ ፎቶኖችን ለገምጋሚ ያቀርባል። በኤክስኤምኤም-ኒውተን የፕሮቶን ማዕበል የምልከታውን ከፊል ሊያበላሽ ስለሚችል መጠባበቂያ መጨመር ተገቢ ነው፤ ምክንያቱና መጠኑ ግን በግልጽ ይጻፍ።

“ምንጩ ደማቅ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው” የሚለውም ሁልጊዜ አይሠራም። ዲቴክተሩ አንዱን ምስል አንብቦ ሳይጨርስ ሁለት ፎቶኖች በአንድ ቦታ ከወደቁ ኃይላቸው ተደምሮ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ ስፔክትረሙም ይዛባል። ለደማቅ ኒውትሮን ኮከብ የሚያመለክት ሰው የትኛውን የንባብ ስልት እንደሚጠቀም ካልጻፈ ገምጋሚው ይህን አያልፈውም።

“ቀኑንና ሰዓቱን እኔ እወስናለሁ” የሚል አመልካችም ይገጥመኛል። ቻንድራ በ64 ሰዓት፣ ኤክስኤምኤም-ኒውተን በ48 ሰዓት ገደማ ምድርን ይዞራሉ፤ በየዙሩ በጨረር ቀበቶ ውስጥ ሲያልፉ ምልከታ ይቋረጣል፤ ከፀሐይ ጋር የሚኖራቸው ማዕዘንም የተገደበ ነው። በቀን የታሰረ ምልከታ መጠየቅ የሚፈቀድ ቢሆንም ኮታው ጥቂት ስለሆነ ያለ በቂ ምክንያት አይጠየቅ።

በመጨረሻም “አዲስ ምልከታ ካላገኘሁ ሥራ የለኝም” የሚለው ነው። አብዛኛው የእነዚህ ቴሌስኮፖች ዳታ ቢበዛ ከአንድ ዓመት በኋላ ለሁሉም ይከፈታል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የተለቀቀው ኢሮሲታ የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ካታሎግም (የምንጮች ዝርዝር) በሰማዩ ግማሽ ላይ 900,000 ገደማ የኤክስሬይ ምንጮችን ይዟል። ለስሌቱ የሚያስፈልገው ፍሉክስ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይገኛል። የመረጡት ምንጭ ቀደም ብሎ ታይቶ ከሆነም፣ ያለው ዳታ ለምን እንደማይበቃ በፎቶን ቁጥር ማስረዳት የአመልካቹ ግዴታ ነው፤ ገምጋሚው ማኅደሩን ከፍቶ ማየቱ አይቀርምና።