«ታሪክ በዛሬዋ ዕለት» ምንድን ነው?

ዓመቱን ወደ ጎን ትቶ፣ ወሩንና ቀኑን ብቻ ይዞ ታሪክን መልቀም ነው። በዚያች ቀን የተፈረመ ውል፣ የተወለደ ሳይንቲስት፣ የሞተ ንጉሥ፣ በመካከላቸው 500 ዓመት ቢኖርም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ብዙውን ጊዜ ክስተት፣ ልደትና ሞት ተብሎ ይከፈላል።

የሚጥመን ግጥምጥሞሹ ነው። አብርሃም ሊንከንና ቻርልስ ዳርዊን የተወለዱት በአንድ ቀን ነው፤ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 (እ.ኤ.አ.፣ የሚከተሉትም እንዲሁ)። የጁላይ 4ቱ ደግሞ ይብሳል። የአሜሪካ የነፃነት አዋጅ በጸደቀ ልክ በ50ኛ ዓመቱ፣ በ1826፣ አዋጁን ያረቀቀው ቶማስ ጄፈርሰንና የትግል ጓዱ ጆን አዳምስ በሰዓታት ልዩነት ሞቱ። ሁለቱም ፕሬዚዳንት የነበሩ ናቸው። አምስት ዓመት ቆይቶ ሌላው የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጄምስ ሞንሮም በዚያው ጁላይ 4 አረፈ። ልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ «ኧረ ደራሲው አበዛው!» እንል ነበር።

ግን ብዙም አይግረመን። የዓመቱ ቀን 365 ወይም 366 ብቻ ነው፤ የታሪክ ሰው ደግሞ ስፍር ቁጥር የለውም። 23 ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ቢሰበሰቡ እንኳ፣ ሁለቱ ልደት የመጋራታቸው ዕድል ከግማሽ በላይ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ የተወለደው የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ጋሊልዮ በሞተ ልክ በ300ኛ ዓመቱ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1942 ነው። እሱ ራሱ ግን በዚያች ቀን ወደ 200,000 የሚጠጉ ሌሎች ሕፃናትም ሳይወለዱ እንዳልቀረ ይናገር ነበር። ደግ አለ!

አንድ ወጥመድም አለ፤ «የማን አቆጣጠር?» የሚለው። የእንግሊዙ ሼክስፒርም የስፔኑ ደራሲ ሰርቫንቴስም ኤፕሪል 23 ቀን 1616 ሞቱ ሲባል ትሰማላችሁ። ስፔን ያኔ አዲሱን የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይዛለች፤ እንግሊዝ በድሮው የዩልዮስ ላይ ነበረች። በመካከላቸው 10 ቀን ነበር። ሼክስፒር ሲሞት ስፔን ሜይ 3 ላይ ደርሳለች። ሰርቫንቴስም ቢሆን 23 የተቀበረበት ቀን ነው፤ የሞተው በ22 ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ቀኑ በስም አንድ ሆነ እንጂ ሰዎቹ አብረው አልሞቱም።

የሩሲያው «የጥቅምት አብዮት»ም እንዲሁ ነው። በድሮው አቆጣጠር ኦክቶበር 25 ቀን 1917 ተነሣ፤ ሶቪየቶች ግን በየዓመቱ ያከበሩት በአዲሱ አቆጣጠር፣ ኖቬምበር 7 ነው።