አሚኖ አሲዶች በአንጀት ህዋሳት ተቀባዮች አገላለጽ ላይ ያላቸው ተጽዕኖ

የተቀባዮች አገላለጽ የሚባለው አንድ ህዋስ መልእክት የሚቀበልባቸውን ፕሮቲኖች የሚሠራበት መጠን ነው። በአንጀት ህዋሳት ዘንድ ይህን መጠን ከፍና ዝቅ ከሚያደርጉት ነገሮች መካከል ከምግብ ፕሮቲን የሚገኙት አሚኖ አሲዶች ይገኙበታል። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ሽፋን ከ3 እስከ 5 ቀናት ውስጥ የሚታደስ በመሆኑም ለማስተካከያው ሰፊ ዕድል አለ።

ብዙ ጽሑፎች ተቀባይን ማንቃትንና የተቀባይን አገላለጽ መለወጥን ያደባልቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 ጂኑ የተለየው ካልሲየም ጠቋሚ ተቀባይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ፌኒልአላኒንና ትሪፕቶፋን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ተቀባዩ ለካልሲየም ያለውን ስሜት ይጨምሩታል፤ በትንሹ አንጀት ያሉ ሆርሞን አመንጪ ህዋሳትም ሐሞት ከረጢትን የሚያኮማትረውንና የጥጋብ ስሜት የሚያመጣውን ኮሌሲስቶካይኒን የተባለ ሆርሞን ይለቃሉ። ይህ ማንቃት እንጂ የአገላለጽ ለውጥ አይደለም። በምላስ ላይ የግሉታሜትን ጣዕም የሚለየው ተቀባይ በአንጀትም መኖሩ ቢዘገብም፣ እዚያ ያለው ድርሻ ምናልባት ከሚነገረው ያነሰ ሳይሆን አይቀርም።

የጂን አገላለጽ ለውጥ በግልጽ የሚታየው በትሪፕቶፋን ነው። ከዚህ አሚኖ አሲድ ውስጥ የተወሰነውን የአንጀት ባክቴሪያዎች ወደ ኢንዶል ውህዶች ይለውጡታል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በህዋሱ ውስጥ ካለው አሪል ሃይድሮካርቦን ተቀባይ ጋር ይጣበቃሉ። ተቀባዩ ወደ ኒውክለስ ገብቶ የተለያዩ ጂኖችን ያስነሳል፤ ከእነዚህም አንዱ መርዛማ ነገሮችን ለማስወገድ የሚያግዝ ኤንዛይም የሚያሠራው ነው።

የአሚኖ አሲድ እጥረትም የራሱ መንገድ አለው። አሚኖ አሲድ ሳይጫንባቸው ባዶ የቀሩት አመላላሽ አርኤንኤዎች (አሚኖ አሲዶችን ወደ ፕሮቲን መሥሪያው የሚያደርሱት ሞለኪውሎች) ጂሲኤን2 የተባለውን ኤንዛይም ያነቃሉ፤ የአብዛኛው ፕሮቲን ምርት ሲገታ ኤቲኤፍ4 የተሰኘው የጂን ተቆጣጣሪ ግን ይበዛል፤ እሱም አሚኖ አሲድ የሚያስገቡ ፕሮቲኖችን ጂኖች ያስነሳል። የተራበ ህዋስ በሮቹን ያበዛል እንደ ማለት ነው። በጥጋብ ጊዜ ደግሞ ሉሲንና አርጂኒን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ኤምቶር በተባለው ሥርዓት በኩል የፕሮቲን ምርትን ያፋጥናሉ። ትንንሽ ፔፕታይዶችን፣ ማለትም አጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶችን፣ ወደ ህዋሱ የሚያስገባው ፔፕቲ1፣ ምንም እንኳ በጥብቁ ትርጉም ተቀባይ ባይባልም፣ በአይጦች ላይ በፕሮቲን የበለጸገ ምግብ ሲሰጥም ሆነ በጾም ወቅት መጨመሩ ታይቷል፤ አንድ ቀላል ሕግ ለሚፈልግ ሰው የማይመች ውጤት ነው።

የዚህ ዕውቀት ትልቁ ክፍል የተገኘው በህዋስ ማሳደጊያ ቤተ ሙከራዎች በሚደረግ ትዕግሥት የተሞላበት ሥራ ነው። ከሰው ትልቁ አንጀት ካንሰር የተወሰዱት የካኮ-2 ህዋሳት ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን ላይ ተዘርተው 21 ቀን ያህል ሲቆዩ የትንሹን አንጀት ህዋሳት ይመስላሉ፤ ተመራማሪው ከዚያ በኋላ ከፈሳሹ አንዱን አሚኖ አሲድ ቀንሶ ወይም ጨምሮ የሚከተለውን ለውጥ ይለካል።

ሆኖም ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። በስፋት ከሚሠራባቸው የማሳደጊያ ፈሳሾች አንዱ 4 ሚሊሞላር ያህል ግሉታሚን የተባለውን አሚኖ አሲድ ሲይዝ፣ በሰው የደም ፕላዝማ ያለው 0.6 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ "መደበኛ" የሚባለው ቡድን ራሱ ከልክ በላይ የጠገበ ሊሆን ይችላል። ግሉታሚን በፈሳሽ ውስጥ እያደር እየፈረሰ አሞንያ ስለሚለቅ፣ አዲስ የተከፈተ ጠርሙስና ሳምንታት የቆየ ጠርሙስ ለህዋሱ አንድ ዓይነት ምግብ አይደሉም።