ፊልም መሃል የተሸጎጠ ማስታወቂያ፦ ፕሮዳክት ፕሌስመንት

ፕሮዳክት ፕሌስመንት የሚባለው አንድ ድርጅት ምርቱን ፊልም ወይ ድራማ ውስጥ እንደ ተራ ዕቃ አስመስሎ የሚያስገባበት መንገድ ነው። አክተሩ የሚጠጣው ለስላሳ፣ የሚነዳው መኪና፣ እጁ ላይ ያሰረው ሰዓት፣ የሚያወራበት ስልክ ምናምን። ማስታወቂያ ነው ግን ማስታወቂያ ነኝ አይልም። ቲቪ ላይ ማስታወቂያ ሲመጣ ተነስተህ ውሃ ትጠጣለህ ወይ ቻናል ትቀይራለህ፣ እዚህ ግን ዋናው ልጅ በዛች መኪና እያመለጠ ስለሆነ የትም አትሄድም፣ ከፋዩም የፈለገው እሱን ነው። (ዓመተ ምህረቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

ብዙ ሰው ይሄ ነገር የሆሊውድ የቅርብ ጊዜ ስግብግብነት ይመስለዋል፣ ግን ሲኒማ ከተወለደ ጀምሮ ያለ ነገር ነው። የሉሚየር ወንድማማቾች ሲኒማን ለህዝብ ማሳየት በጀመሩ በዓመቱ፣ 1896 ላይ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ የሚያሳይ አጭር ፊልም ተቀርጿል፣ ከፊት ደሞ የሰንላይት ሳሙና ካርቶን ተገትሮ ይታያል። የሉሚየርን ካሜራ ይዞ እዛ አገር ይሰራ የነበረው ላቫንሺ-ክላርክ የሚባለው ሰውዬ ለካ የሳሙናውም አሻሻጭ ነበር፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሬድዮ ተከታታይ ድራማዎችን ስፖንሰር ያደርጉ የነበሩት የሳሙና ፋብሪካዎች ናቸው፣ እንግሊዝኛው እስከዛሬ እንደዚህ አይነቱን ድራማ ሶፕ ኦፔራ የሚለው ለዛ ነው።

ነገሩን ትልቅ ቢዝነስ ያደረገው ግን 1982 ላይ የወጣው የስፒልበርግ ኢ.ቲ. ነው። ልጁ ከሌላ ዓለም የመጣውን ፍጡር በከረሜላ እያባበለ ወደ ቤት የሚያስገባበት ቦታ አለ። ፊልሙን የሚሰሩት ሰዎች መጀመሪያ የጠየቁት ማርስ ኩባንያን ነበር፣ በኤም ኤንድ ኤምስ እንጠቀም ብለው፣ ማርስ እምቢ አለ። ከዛ ሄርሺ ጋ ሄዱና ሪሲስ ፒሰስ የሚባለው ከረሜላ ገባ። ሄርሺ ከረሜላው ስለታየ ብሎ ለፊልሙ የከፈለው ገንዘብ የለም፣ በምትኩ ፊልሙን ከከረሜላው ጋር አያይዞ ለማስተዋወቅ 1 ሚሊዮን ዶላር ለማውጣት ተስማማ። ፊልሙ ሲወጣ የከረሜላው ሽያጭ ተተኮሰ። ማርስ ቤት ያኔ እምቢ ያለው ሰው ማታ ማታ እንዴት እንደሚተኛ እንጃ። በዛው ዓመት ሬይ-ባን መነጽር ፊልም ውስጥ ለሚያስገባለት አንድ ኤጀንሲ በዓመት 50,000 ዶላር መክፈል ጀመረ፣ በ1983 ቶም ክሩዝ ዌይፋረር የሚባለውን የሬይ-ባን ሞዴል አድርጎ ታየና ሊቀር የደረሰ ሞዴል ነፍስ ዘራ፣ በ1986 ደሞ የፓይለቱን መነጽር አደረገ።

አሰራሩ ሁሌ ካሽ በቦርሳ አይደለም። እንደውም ብዙው ልውውጥ ነው። የመኪና ኩባንያው መኪና ይሰጣል፣ ስቱዲዮው ኪራይ ይተርፈዋል። ወይም ድርጅቱ ፊልሙ ሲወጣ በራሱ ወጪ በየቲቪው "የእገሌ ፊልም መኪና" እያለ ያስተዋውቃል፣ እሱ ለስቱዲዮው ከጥሬ ገንዘብ ይበልጥበታል ምክንያቱም የአንድ ትልቅ ፊልም የፕሮሞሽን ወጪ ከቀረጻው ወጪ ብዙም አያንስም። መሃል ላይ ደሞ ስክሪፕት ገና ሳይቀረጽ እያነበቡ "እዚህ ጋ ቁርስ አለ፣ እዚህ ጋ ኤርፖርት አለ" እያሉ ለደንበኞቻቸው ቦታ የሚፈልጉ ኤጀንሲዎች አሉ።

እሺ ይረብሻል ወይስ አይረብሽም? እኔ እንደሚመስለኝ ብራንዱ መታየቱ አይደለም የሚረብሸው፣ ታሪኩ ለዕቃው ብሎ ሲቆም ነው። ሰው በእውነተኛ ኑሮው በብራንድ ተከቦ ነው የሚኖረው፣ ፍሪጅ ከፍቶ ላዩ ላይ "ቢራ" ብቻ የተጻፈበት ጠርሙስ የሚያወጣ አክተር ከማንኛውም ሎጎ በላይ ያባንናል። እኛም አገር ቃለ መጠይቅ ላይ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሃይላንድ ውሃ ወረቀቱን ልጠው ያስቀምጡታል፣ እኔ ታዲያ እንግዳው የሚለውን ትቼ "ይሄ የማን ውሃ ነበር" እያልኩ ክዳኑን ነው የማጠናው።

በጣም ጥሩው ምሳሌ በ2000 የወጣው የቶም ሃንክስ ካስት አዌይ ነው። ሰውየው ፌዴክስ የሚባለው የዕቃ አመላላሽ ድርጅት ሰራተኛ ነው፣ ፊልሙ ከጫፍ ጫፍ ፌዴክስ ነው፣ የኩባንያው መስራች ፍሬድ ስሚዝ ራሱን ሆኖ ሁሉ ይታያል፣ ግን ፌዴክስ ለመታየት ብሎ አልከፈለም፣ የሰጠው አውሮፕላኑን፣ መኪናዎቹንና የስራ ቦታውን ነው። ደሞ አስቡት፣ የራሱ አውሮፕላን ባህር ውስጥ ሲከሰከስ እሺ ብሎ ነው። ሰውየው ደሴት ላይ ብቻውን ሲቀር ጓደኛ ያደረገው ዊልሰን የሚባለው ኳስም እውነተኛ የኳስ ብራንድ ነው፣ ግን ኳሱ በውሃ ሲወሰድ "ማስታወቂያ ነው" ያለ ሰው አላውቅም፣ ሁላችንም ለኳስ እያለቀስን ነበር። በተቃራኒው ደሞ በ2004 የወጣው የዊል ስሚዝ አይ ሮቦት ታሪኩ 2035 ላይ ነው፣ ሰውዬው ግን የ2004 ኮንቨርስ ጫማ ከካርቶን አውጥቶ ያደርግና ስለ ጫማው ሌላ ሰው ጋር ያወራበታል። ዓለም በሮቦት ልትያዝ ነው እኛ የጫማ ሱቅ ገብተናል። ከዚህም የባሰ አለ፣ 1988 ላይ ማክ ኤንድ ሚ የሚባል የኢ.ቲ. ኮፒ ወጥቶ መሃሉ ላይ ማክዶናልድስ ቤት ውስጥ ረጅም ዳንስ አለው፣ እስከዛሬ መሳቂያ ነው።

ጄምስ ቦንድ ለብቻው መወራት አለበት። ቦንድ ገና መጽሐፍ ላይ እያለ ኢያን ፍሌሚንግ የሰዓቱንና የመኪናውን ስም እየጠቀሰ ነበር የሚጽፈው፣ ማንም ሳይከፍለው፣ ሰውየው ምን አይነት ቅምጥል እንደሆነ ለማሳየት። ስለዚህ ቦንድ ላይ ብራንድ ማየት ባህርዩ ነው። በ1964 ያየነው አስተን ማርቲን ዲቢ5 እስከዛሬ የመኪናው ስም ከቦንድ ጋር አይለይም። ችግሩ የመጣው ብራንዱ ለባህርዩ መሆኑ ቀርቶ ባህርዩ ለብራንዱ ሲሆን ነው። በ1995 እንግሊዛዊው ሰላይ የጀርመን ቢኤምደብሊው ዜድ3 ውስጥ ገባ፣ መኪናዋ ፊልሙ ላይ ትንሽ ደቂቃ ብቻ ታይታ በማስታወቂያ ዓለም ግን ትልቅ ወሬ ሆነች፣ ከዛ ሁለት ፊልም ተከታትሎ ቢኤምደብሊው ነዳ። በ2002 የወጣው ዳይ አናዘር ዴይ ውስጥ ብራንዱ ከመብዛቱ የተነሳ ጋዜጦች ስሙን አጣመው "ባይ አናዘር ዴይ" አሉት፣ ሌላ ቀን ሙት ሳይሆን ሌላ ቀን ግዛ እንደማለት። በ2006 ካሲኖ ሮያል ላይ ባቡር ውስጥ ቆንጆዋ ልጅ ሰዓቱን አይታ ሮሌክስ ነው ወይ ስትለው ኦሜጋ ነው ብሎ ያርማታል። እኔ ፊልሙን በጣም ነው የምወደው፣ እዛ ቦታ ስደርስ ግን ሁሌ ጥርሴን ነክሼ ነው የማልፈው፣ ምክንያቱም እስከዛ ድረስ ሁለቱ እየተፈታተኑ ነበር፣ በአንዴ ሰዓት ቤት ሆነ።

ከዛ 2012 ላይ ስካይፎል መጣና ቦንድ ሃይኒከን ቢራ ያዘ (ሃይኒከን ማለት ያው በደሌንና ሐረርን የገዛው)። በወቅቱ ስምምነቱ ወደ 45 ሚሊዮን ዶላር ነው ተብሎ ተዘግቧል፣ አድናቂው ቦንድ ሁሌ በሚጠጣው ማርቲኒ ተቀለደ ብሎ ተንጫጫ። ዳንኤል ክሬግ ሳይሸፋፍን ነው የመለሰው፣ እነዚህ ድርጅቶች ባይኖሩ ፊልሙን መስራት አንችልም፣ ደስ ባይልም እውነታው ይሄ ነው አለ። የሚገርመው ፊልሙ ላይ ቢራው አይረብሽም፣ ሰውየው ተሰባብሮ ባህር ዳርቻ ላይ የሚጠጣ ሰካራም ስለሆነ ያኔ ቢራ ይመስልበታል። የሰዓቷ አንድ መስመር ከዛ ሁሉ ሚሊዮን ይበልጥ አናደደችኝ።

ሰው ብዙ የማያወራው ግን ደሞ ለእኔ ዋናው ነገር ያልታየው ነው። ድርጅት ምርቱ እንዲታይ ብቻ ሳይሆን እንዳይታይም ይጠይቃል። በ2008 ስለ ሙምባይ የተሰራው ስለምዶግ ሚሊየነር ላይ መርሴዲስ የድሆቹ ሰፈር ውስጥ ምልክቱ እንዳይታይ ጠይቆ ከተቀረጸ በኋላ እንዲጠፋ ተደርጓል። በ2012 ዴንዘል ዋሽንግተን ሰካራም ፓይለት ሆኖ ሲሰራ የበድዋይዘር ቢራ ባለቤት ምልክታችንን ከፊልሙ አውጡልን ብሎ ስቱዲዮውን ጠይቋል። ዳይሬክተሩ ሪያን ጆንሰን ደሞ በ2020 እንደተናገረው አፕል አይፎኑን ፊልም ላይ እንድትጠቀሙ ይፈቅዳል፣ ክፉ ሰው ግን ይዞት መታየት የለበትም። ይሄን ከሰማሁ ወዲህ የወንጀል ፊልም ስከፍት መጀመሪያ የማየው የሁሉንም ስልክ ነው፣ ገዳዩን ቶሎ አገኘዋለሁ፣ ፊልሙ ግን ተበላሸብኝ።

ቻይና ገበያው ሲከፈት ሌላ ወግ መጣ። በ2011ዱ ትራንስፎርመርስ አሜሪካ ቢሮ ውስጥ ሰውዬው የቻይና ወተት ይጠጣል፣ አሜሪካ ሱቅ ውስጥ የማይገኝ ወተት። በ2014ቱ ደሞ ውሎንግ የሚባል የቻይና ቱሪስት ቦታ ከፍሎ ምልክቱ እንደተባለው ስላልታየ ፍርድ ቤት ሄደ። ማለት የፊልሙን ሲን እንደ ቢልቦርድ ኪራይ ውል ነው የቆጠሩት፣ በህግም ያው ነው መሰለኝ።

ህጉ አገር ለአገር ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ቲቪና ሬድዮ ከፍሎ ያስገባ ካለ መናገር አለባቸው፣ የሲኒማ ፊልም ላይ ግን ይሄ ግዴታ የለም። እንግሊዝ እስከ 2011 ድረስ የራሷ ቲቪ ፕሮግራሞች ላይ ከልክላ ነበር፣ ስትፈቅድ ጥግ ላይ ፒ የምትል ፊደል ይታይ አለች። ሲጋራ ላይ ነው ጨከን ያሉት፣ የሚገባም ነው። በ1989ኙ የቦንድ ፊልም ፊሊፕ ሞሪስ ላርክ የሚባለውን ሲጋራውን ለማሳየት 350,000 ዶላር ከፍሎ ነበር፣ በ1998 ትልልቆቹ የትምባሆ ኩባንያዎች ከ46 የአሜሪካ ግዛቶች ጋር ሲታረቁ ግን ሲጋራ በክፍያ ፊልም ውስጥ ማስገባት ቀረ። እኛ ጋ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከቲቪና ከሬድዮ አስወጣ፣ ትምባሆን ደሞ በቀጥታም በተዘዋዋሪም ማስተዋወቅ ከለከለ።

የአማርኛ ፊልም ላይ ነገሩ ከሆሊውድ ይልቅ የዕድር መዋጮ ይመስላል። አንዱ ሳሎን ቤቱን ይሰጣል፣ አንዱ ሶፋ፣ አንዱ የሙሽራ ልብስ፣ ሆቴሉ ክፍልና ምሳ፣ ከዛ ፊልሙ ሲጀምር የምስጋና ዝርዝሩ እስኪያልቅ ፈንዲሻህ ያልቃል። በጀት ስለሌለ ነው፣ እኔ አልፈርድባቸውም። የምጣላው ፍቅረኛሞቹ ሊለያዩ ተቀምጠው ካሜራው መጀመሪያ የሆቴሉን ታፔላ ከላይ እስከ ታች ሲያነብልኝ ነው፣ ወይም ልጅቷ ስልክ አንስታ "የት ነሽ" ስትባል የሆቴሉን ሙሉ ስም ከነሰፈሩ ስትናገር። ጓደኛዋ እኮ ናት፣ ራይድ ልትጠራ ነው እንዴ።

አሁን ደሞ ዕቃው ቀረጻው ላይ መኖሩም ቀርቷል። ባዶ ጠረጴዛ ይቀረጻል፣ በኋላ በኮምፒውተር ጠርሙስ ይቀመጥበታል፣ አማዞን በ2022 ለራሱ ተከታታይ ፊልሞች ይሄን መሞከር መጀመሩን ተናግሯል። አክተሩ አጠገቡ የነበረውን ዕቃ እንደማንኛችንም ስክሪን ላይ ነው የሚያየው። ሃሳቡ ግን አዲስ አይደለም፣ በ1993 ዲሞሊሽን ማን የሚባለው የስታሎን ፊልም ላይ ወደፊት ሬስቶራንት ሁሉ ታኮ ቤል ሆኗል የሚል ቀልድ ነበር፣ አውሮፓ ውስጥ ታኮ ቤልን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ለውጭ አገር የወጣው ኮፒ ላይ ታፔላውንም ድምፁንም ፒዛ ሃት ብለው ቀየሩት። ከንፈራቸውን ካያችሁ ግን አሁንም ታኮ ቤል ነው የሚሉት።