አዘውትሮ መጠጣት የጉበትን የስብ ሥራ እንዴት ያዛባል

ጉበት ውስጥ ያለው ስብ ከክብደቱ 5 በመቶ ካለፈ ሐኪሞች የሰባ ጉበት ወይም ፋቲ ሊቨር ይሉታል። ይህን ስም ሲሰማ ጮማና ቅቤ የሚያበዛ ሰው ትዝ የሚለው ብዙ ነው። ከበዓል ውጪ ሥጋ የማይቀምስ ሰውም ግን መጠጥ ካዘወተረ ጉበቱ ይሰባል። አብዝተው ከሚጠጡ 10 ሰዎች በ9ኙ ገደማ ይታያል።

ስቡ ከየት መጣ? ሰውነት ስኳርን በጉበትና በጡንቻ፣ ስብን ከቆዳ ሥር ያስቀምጣል። ለአልኮል ማስቀመጫ የለውም፤ ቶሎ ማስወገድ አለበት። ከዚህ ሥራ ከ90 በመቶ በላይ የሚሠራው ጉበት ነው። አልኮሉን መጀመሪያ ወደ አሴታልዲሃይድ፣ ቀጥሎ ወደ አሴቴት ይቀይረዋል። በሁለቱም ደረጃ ሃይድሮጂን ይወጣል። ያንን የሚሸከመው ኤንኤዲ የሚባል ረዳት ሞለኪውል ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ስብን ለማቃጠልም ይኸው ኤንኤዲ ያስፈልጋል። ሰውዬው ሲጠጣ ካመሸ ባዶው ኤንኤዲ ይቀንሳል፣ የተሸከመው ይበዛል። የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ የሆነው ሚቶኮንድሪያ ስብ የማቃጠል ሥራውን ያቀዘቅዛል። ሳይቃጠል የቀረው ፋቲ አሲድ፣ ማለትም የስብ መሥሪያ፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባል ስብ ሆኖ እዚያው ሕዋሱ ውስጥ ይጠራቀማል።

ይህ በአንድ ምሽት የሚሆነው ነው። መጠጡ ልማድ ሲሆን ነገሩ ወደ ጂን ይወርዳል። ጂኖችን ከሚያዙ ፕሮቲኖች ውስጥ ስብ እንዲመረት የሚያዘው ኤስአርኢቢፒ-1ሲ ይበረታል፤ ስብ እንዲቃጠል የሚያዘው ፒፒኤአር-አልፋ ይዳከማል። ከቆዳ ሥርና ከሆድ አካባቢ የተለቀቀ ስብም በደም ወደ ጉበት ይጎርፋል። መውጫውም ይጠብባል፤ አሴታልዲሃይድ ስቡ ተጠቅልሎ ወደ ደም የሚላክበትን መንገድ ይጎዳል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንድ ትልቅ የስብ ጠብታ ሕዋሱን ሞልቶ የሕዋሱን እምብርት ኒውክለሱን ወደ ጥግ ገፍቶታል። በአልትራሳውንድ ደግሞ ጉበቱ አጠገቡ ካለው ኩላሊት ነጣ ብሎ ይታያል።

ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች ጥፋቱን የሚሰጡት ለምግብ እጥረት ነበር። ጠጪ በደንብ አይበላም፣ ጉበቱ የተጎዳውም በዚህ ነው ይባል ነበር። ይህን የቀየረው የቤልጂየም ተወላጁ ሐኪምና ተመራማሪ ቻርልስ ሊበር ነው። ኒውዮርክ ውስጥ እሱና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለበጎ ፈቃደኞች የተሟላ ምግብ ከአልኮል ጋር ሰጡ። ጉበታቸው ሰባ። ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ ትልቁ ነጥብ ይህ ነው፤ እኛም ዘንድ «በልተህ ከጠጣህ አይጎዳህም» የሚል ብዙ ነውና። ምግብ አልኮሉ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ ጉበቱን ከሥራው አያሳርፈውም።

ሊበርና የሥራ ባልደረባው ዲካርሊ በ1968 (እ.ኤ.አ.) አልኮል የሚቃጠልበት ሌላም መንገድ አሳዩ። ጉበት አልኮል ሲለምድ ሁለተኛ ማቃጠያ ያጠናክራል፤ ዋናው ኢንዛይም ሲዋይፒ2ኢ1 ይባላል። አዘውታሪ ሰው ቶሎ የማይሰክርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኢንዛይሙ ግን ሲሠራ የሚያቃጥሉ ቅሪቶችን ይለቃል፤ እነሱ የተከማቸውን ስብ ሲያበላሹ ጉበት ይቆጣል። ፓራሲታሞልንም በከፊል ወደ መርዝ የሚቀይረው ይኸው ኢንዛይም ነው። አዘውታሪ ጠጪ ለራስ ምታት ክኒን ሲደራርብ አደጋው የሚበዛው ለዚህ ነው።

ለጉበት ዋናው ቁም ነገር የንጹሕ አልኮሉ ግራም ነው፤ መጠጡ አገርኛ ይሁን የውጭ ለውጥ የለውም። 330 ሚሊ ሊትር፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ 13 ግራም ያህል ይይዛል። 40 በመቶ የሆነ አረቄ ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር ብቻ ወደ 32 ግራም ይደርሳል። የቤት አረቄ ላይ መጠኑ ስለማይጻፍ በመለኪያ የሚጠጣ ሰው ስንት ግራም እንደወሰደ አያውቅም።

የሰባ ጉበት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ዐይን ቢጫ ሲሆን፣ ሆድ ውኃ ሲቋጥር፣ ነገሩ ስብ ከመሆን አልፎ ቁስለት ወይም ጠባሳ ሆኗል። ጠባሳው ከጠና መመለሱ ከባድ ነው። ስቡ ግን መጠጡ ሲቆም ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረና ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን ብቻውን በአንዴ ማቆም የለበትም፤ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ አልፎም ሊገድለው ይችላል። ሐኪም እየተከታተለው፣ በመድኃኒት እየታገዘ ያቁም።