«ለ2፣ ለ3፣ ለ5 እምቢ ካለ ፕራይም ነው» የሚሉት ነገር

ሂሳብ አስጠናለሁ። ዘጠነኛ ክፍልም ይሁን አስራ ሁለተኛ፣ ተማሪው ትልቅ ቁጥር ሲሰጠው ለ2፣ ለ3፣ ለ5 ይሞክራል፣ ጎበዝ የሚባለው ለ7 እና ለ11 ይጨምራል፣ ካልተካፈለለት «ፕራይም» (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለምንም የማይካፈል) ብሎ ጽፎ ያልፋል። በጣም ሰልችቶኛል። እስቲ 4,294,967,297ን ይዘን እንየው።

መጀመሪያ ትንንሾቹን ላጥራ። «መጨረሻው 1፣ 3፣ 7 ወይ 9 ከሆነ ፕራይም ነው»፦ 21፣ 33፣ 27፣ 39፣ አንዱም አይደለም። «ለ3 የሚሰራው የአሃዞች ድምር ለ7ም ይሰራል»፦ አይሰራም፣ የ16 አሃዞች ድምር 7 ነው፣ 16 ግን ለ7 አይካፈልም። «ቁጥሩ በተለቀ ቁጥር ፋክተሩ (ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር) ይበዛል»፦ 60 ፋክተሮቹ 12 ናቸው፣ የኛ ባለ 10 አሃዝ ቁጥር ያለው ግን 4 ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። 4,294,967,297 ማለት 32 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመርበት ነው። ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዚሁ መንገድ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመርባቸው የሚመጡትን 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 አየ፣ አምስቱም ፕራይም ናቸው፣ ስለዚህ የሚቀጥሉትም ሁሉ ፕራይም ናቸው ብሎ አመነ። ሌላው የሂሳብ ሊቅ ኦይለር በ1732 እ.ኤ.አ. ይሄ ቁጥር ለ641 እንደሚካፈል አሳየ። ከ641 በታች 115 ፕራይሞች አሉ፣ ለአንዳቸውም አይካፈልም! እናንተ 11 ላይ ስታቆሙ ገና አምስቱን ነው የሞከራችሁት። በእጃችሁ አካፍሉት፣ የመጨረሻው እርምጃ ላይ 4,487 ይቀራል፣ እሱ ደግሞ ልክ 641 ሲባዛ በ7 ነው፣ ቀሪ ዜሮ፣ መልሱ 6,700,417። ባለ 8 አሃዝ ካልኩሌተር ላይ አትድከሙ፣ ቁጥሩን ራሱ አይቀበልም።

«ታዲያ እስከ ቁጥሩ ግማሽ ድረስ ልሞክር?» የሚለኝም አለ። አያስፈልግም፣ እስከ ስኩዌር ሩቱ (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን እስከሚሰጠው) ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ፋክተሮች ተባዝተው ቁጥሩን ከሰጡ ሁለቱም ከስኩዌር ሩቱ ሊበልጡ አይችሉም፣ አንዱ የግድ ከሱ በታች ወይም እኩል ነው። አንዷ ተማሪዬ 1,000,001ን እስከ 13 ድረስ ሞክራ ፕራይም ነው ብላ ጻፈች። ስኩዌር ሩቱ ከ1,000 ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ እስከዛ ያሉት ፕራይሞች 168 ናቸው፣ እሷ ስድስቱን ሞክራ ነው የተወችው። በቅደም ተከተል ብትቀጥል 26ኛው ላይ ይገኝ ነበር፣ 101 ሲባዛ በ9,901። ስለዚህ ፕራይሞቹን ከ2 ጀምራችሁ በተርታ ጻፏቸው፣ አትዝለሉ፣ የሞከራችሁትን ሰርዙ፣ ስኩዌር ሩቱን ሳታልፉ «ፕራይም» የሚል ቃል እንዳትጽፉ።

ለ4,294,967,297 እስከ ስኩዌር ሩቱ ያሉት ፕራይሞች 6,542 ናቸው። ኦይለር ግን ይሄን ሁሉ መሞከር አላስፈለገውም፣ ይሄን ቁጥር የሚያካፍል ማንኛውም ፕራይም ለ64 ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን እንዳለበት አረጋገጠ። እንደዛ ያሉት ፕራይሞች 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያሉ ይቀጥላሉ፣ 641 አምስተኛው ነው።

አንድ የቀረኝ፣ «ፕራይም አይደለም ካልክ ፋክተሩን አሳየኝ» የሚሉት ክርክርም አያስኬድም። 67 ሁለቶች ተባዝተው 1 የሚቀነስበትን ቁጥር የሂሳብ ሊቁ ሉካስ በ1876 እ.ኤ.አ. ፕራይም እንዳልሆነ ሲያረጋግጥ አንድም ፋክተር በእጁ አልነበረም። ኮል የሚባል ሌላ የሂሳብ ሊቅ በ1903 እ.ኤ.አ. ነው 193,707,721 ሲባዛ በ761,838,257,287 እንደሆነ ያሳየው።