ሆድ የሞላ ሁሉ አልተመገበም፦ ስለ ቤተሰብ ምግብና ስለ እንስሳት መኖ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ምግብ በውስጡ የያዘውና ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘው አንድ አይደለም። ልዩነቱን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው አዘገጃጀቱ ነው፤ ይህም ለሰውም ለከብትም ይሠራል። በረት ውስጥ የተበላሸው ነገር ተመልሶ ማዕድ ላይ ስለሚመጣ ሁለቱን አብሮ ማየት ይሻላል።

«ጥሬ ምግብ ሁልጊዜ ከበሰለው ይበልጣል»

ለብዙ ፍራፍሬ እውነት ነው፤ ለእንቁላል ግን አይደለም። ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን ሰውነት 90 በመቶ ያህሉን ሲጠቀም፣ ከጥሬው የሚጠቀመው ግማሹን ያህል ብቻ ነው። የካሮትም ቫይታሚን ኤ የሚሆነው ንጥረ ነገር በደንብ የሚገኘው በስሎ ትንሽ ዘይት ሲነካው ነው። ቫይታሚን ሲ በተቃራኒው በሙቀት ይጠፋል፣ በውሃም ይታጠባል። ስለዚህ ቅጠላ ቅጠልን በጥቂት ውሃ፣ ለአጭር ጊዜ ማብሰልና መረቁን አለመድፋት ነው።

ቦሎቄ ላይ ግን ጥንቃቄው የግድ ነው። ጥሬው፣ በተለይ ቀዩ፣ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው። ማታ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት ውሃውን ድፉት፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ እየተንፈቀፈቀ ይፍላ፤ ከዚያ እሳቱን ቀንሳችሁ እስኪበስል ጠብቁ። ሳይፈላ በለሰስ ያለ እሳት ብቻ ማብሰል መርዙን አያጠፋውም። ጥሬ አኩሪ አተርም ለዶሮና ለአሳማ እንዲሁ አይሰጥም፤ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለው መጀመሪያ በሙቀት ማለፍ አለበት።

«ብረት ያለው ምግብ እስከበላን ድረስ ደም አያንሰንም»

በጥራጥሬና በቅጠል ውስጥ ያለው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ደግሞ ይበልጥ ያግዱታል። ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ብርቱካን አብሮ ሲበላ መጠኑ በግልጽ ይጨምራል። ያው ምግብ ነው፤ ለውጡ ሻይውን አንድ ሁለት ሰዓት ማዘግየትና ሎሚ መጭመቅ ብቻ ነው። እህልን መዘፍዘፍ፣ ማብቀልና ማብላላትም ብረትና ዚንክ ይዞ የሚያስቀረውን ፋይቴት ይቀንሰዋል። ሆኖም ደም ማነስ ከአንጀት ትል፣ ከደም መፍሰስ ወይም ከሌላ ሕመምም ሊመጣ ስለሚችል የደከመ ሰው መመርመር አለበት።

«ነጭ የሆነው ንጹሕና የተሻለ ነው»

በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ክርስቲያን አይክማን የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም በጃቫ ደሴት፣ የተፈተገ ነጭ ሩዝ ይሰጣቸው የነበሩ ዶሮዎች እግራቸው ሲዝል አየ። ያልተፈተገ ሩዝ ሲበሉ ዳኑ። የጎደላቸው በሩዙ ልባስ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ቢ1 መሆኑ በኋላ ታወቀ፤ አይክማንም በ1929 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋራ። ዛሬም ፍሩሽካው ለከብት፣ ነጩ ዱቄት ለልጆች ሲሆን ማየት ያሳዝነኛል። ሁሉንም ባይሆን እንኳ ከፊሉን ሳይነፉ መጠቀም ይቻላል።

«የሻገተ እህል ለሰው ባይሆን ለከብት ይሆናል»

ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ተርኪ የሚባሉ ከ100,000 በላይ ትልልቅ የዶሮ ዓይነት ወፎች ሞቱ፤ ምክንያቱ መኗቸው ውስጥ የነበረ የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ነበር። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ጉበትን ይጎዳል፣ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል፤ በተለመደው ማብሰል አይጠፋም። ላም የተመረዘ መኖ ከበላች መርዙ በአንድ ቀን ውስጥ ወተቷ ውስጥ መታየት ይጀምራል። ለከብት ተብሎ የተተወው በልጅ ኩባያ ተመለሰ ማለት ነው።

መከላከያው ማድረቅ ነው። በጎተራ ከመግባቱ በፊት ለመፈተን፣ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው ጨምራችሁ በደንብ ነቅንቁት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ተመልሶ ይሰጣ። የተሸበሸበ፣ የጠቆረና በነፍሳት የተበላ ፍሬ ለቅሞ ማውጣትም ይረዳል። ሻጋታው በዓይን አለመታየቱ ግን መርዝ የለም ማለት አይደለም።

«ሣር በረዘመና በደረቀ መጠን ድርቆሹ ይበዛል»

ክምሩ ይበዛል፣ ምግቡ ግን ይቀንሳል። ሣር ካበበ በኋላ ፕሮቲኑ እየወረደ አገዳው ይጠነክራል፤ ስለዚህ ማበብ ሲጀምር ይታጨድ። ሲደርቅም ቅጠሉ እንዳይረግፍ በጥንቃቄ ይያዝ፤ አብዛኛው ፕሮቲን ያለው ቅጠሉ ላይ ነው።

«መኖ በላመ ቁጥር ይሻላል፣ እህልም በበዛ ቁጥር»

የሚያመነዥኩ እንስሳት ረዘም ያለ ገለባ ያስፈልጋቸዋል፤ ሲያመነዥኩ የሚያመነጩት ምራቅ የጨጓራቸውን አሲድ ያበርዳል። ገለባን መቆራረጥ ጥሩ ነው፣ እንደ ዱቄት ማላም ግን ጉዳት አለው። እህልም በድንገት በብዛት ከተሰጠ አሲዱ ከብቱን እስከ መግደል ይደርሳል። ለውጡ ሁለት ሳምንት ያህል ወስዶ ቀስ በቀስ ይሁን።

«የአስኳሉ ቀለም የምግብነቱ ምልክት ነው»

ቢጫው ከመኖው ቀለም የሚመጣ ነው እንጂ የምግብነቱ መለኪያ አይደለም፤ የቅርፊቱ ቀለም ደግሞ ከዶሮዋ ዝርያ።

«ወተት የሚጨምረው መኖ ብቻ ነው»

ከወተት 87 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። የምትታለብ ላም በቀን ሁለቴ ወንዝ መውረዷ አይበቃትም፤ ቀኑን ሙሉ ንጹሕ ውሃ አጠገቧ መኖር አለበት። የተጠማች ላም መብላቷንም ትቀንሳለች፤ ወተቷ ሲጎድል መኖ ከመጨመር በፊት የውሃ ገንዳዋን ማየት ይቀድማል።